ለልጆች ፊደል ብሎ ትልቁን ወንበር ጥሎ የወጣው ሜክሲኳዊ

ሜክሲኮ አደባባይን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ታክሲ እንጋፋበታለን፣ ቀጠሮ እንይዝበታለን፣ በባቡርም እንወርድበታለን። ስሙ ከየት እንደመጣም ብዙዎቻችን ሰምተናል። ፋሺስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን ስትወር ብዙው ዓለም ዝም ሲል፣ ወረራውን አንቀበልም ብለው ከጸኑ ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እዚያም ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የተሰየመ አደባባይና የባቡር ጣቢያ አለ።

ዛሬ የምናወራው ግን ከዚያች አገር ስለወጣ አንድ ሰው ነው። ሃይሜ ቶሬስ ቦዴት ይባላል። ገጣሚ ነበር፣ ዲፕሎማት ነበር፣ ሁለት ጊዜ የትምህርት ሚኒስትር፣ አንድ ጊዜ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር፣ ከዚያም የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር ሆኗል። በአገሩ ስሙን የማያውቅ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል፣ እኛ ጋ ግን እምብዛም አልተወራለትም።

ዕድሜውን ሙሉ የያዘው አንድ ሐሳብ ነው፦ አንድ ሕፃን ፊደል መቁጠሩ የዚያ ሕፃን ወላጆችና የዚያ አገር መንግሥት ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የዓለም ሁሉ ጉዳይ ነው። ስለዚህ አገሮች ስለ ድንበርና ስለ ንግድ እንደሚደራደሩት ሁሉ ስለዚህም ተቀምጠው መደራደርና ገንዘብ ማዋጣት አለባቸው። ዛሬ ይሄ ሐሳብ ተራ ሊመስለን ይችላል። ያኔ ግን ብዙ ሰው አልገባውም፣ የገባቸውም መክፈል አልፈለጉም።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ በስም ካልገለጽነው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ19 ዓመቱ ቢሮ የገባው ልጅ

ሃይሜ የተወለደው ሚያዝያ 17 ቀን 1902 ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነው። አባቱ ከስፔን ካታሎኒያ የመጣ የቲያትር ሥራ ሰው ነበር፣ እናቱ ደግሞ የፈረንሳይ ዘር ያላት። ቤቱ መጽሐፍ የሞላበት ስለነበር ልጁ በንባብ አደገ። በ1918 ገና 16 ዓመቱ ላይ የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፉን አሳተመ።

ይሄ ልጅ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ ሲያነብ ውጭ ግን አገሩ እየነደደች ነበር። በ1910 የፈነዳው የሜክሲኮ አብዮት ለዓመታት ደም አፋሰሰ። ጦርነቱ ሲበርድ አዲሱ መንግሥት ዞር ብሎ ሲያይ አብዛኛው ገበሬ ማንበብና መጻፍ አይችልም፣ ገጠር ውስጥ ትምህርት ቤት የለም ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ ሆሴ ቫስኮንሴሎስ የሚባል ሰው መጣ። በ1921 የተቋቋመው የትምህርት ሚኒስቴር የመጀመሪያው ሚኒስትር እሱ ነው። መምህራንን እንደ ሐዋርያ ወደ ገጠር ላከ፣ መጽሐፍ አሳትሞ በየመንደሩ በተነ። ይሄ ሰው ከጎኑ በጸሐፊነት ያስቀመጠው ያንን ገጣሚ ልጅ ነበር። ሃይሜ ያኔ 19 ዓመቱ ነው። በቀጣዩ ዓመት የቤተ መጻሕፍት መምሪያ ኃላፊ አደረገው። አስቡት፣ በ20 ዓመቱ የአንድ አገር ቤተ መጻሕፍት በእጁ ገባ።

ከቫስኮንሴሎስ የቀሰመው ትምህርት ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። መጽሐፍ ከተማ ላለው ሀብታም ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። ሰው ወደ መጽሐፉ መምጣት ካልቻለ መጽሐፉ ወደ ሰውየው ይሄዳል።

ጦርነት ያየ ዲፕሎማት

በ1929 ወደ ውጭ ጉዳይ ገባ። ማድሪድ፣ ፓሪስ፣ ቦነስ አይረስ እያለ ዞረ። ቀን ደብዳቤ ያረቃል፣ ማታ ግጥምና ልብ ወለድ ይጽፋል። ሕይወቱ እንዲሁ ጸጥ ብሎ ሊቀጥል ይችል ነበር።

በግንቦት 1940 ግን የጀርመን ጦር ቤልጂየምን ወረረ። ቶሬስ ቦዴት ያኔ ብራስልስ የሜክሲኮ ጉዳይ ፈጻሚ ነበር። በሥልጣኔዋ የምትኮራው አውሮፓ ስትፈርስ በዓይኑ አየ። ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ ሙዚቃ የሚሰሙ፣ ፍልስፍና የሚያነቡ ሰዎች ከተማ ሲያቃጥሉ አየ። ይሄ ነገር አንድ ጥያቄ አሳደረበት፦ ትምህርት ለብቻው ሰውን ሰው ያደርጋል ወይ? የደረሰበት መልስ ቀላል አልነበረም። ማስተማር ብቻ አይበቃም፣ ልጁ የሚማረው ነገር ከሌላው ሕዝብ ጋር በሰላም ለመኖር የሚያዘጋጀው መሆን አለበት አለ። ይህን ሐሳብ በኋላ ሕግ ውስጥ አስገብቶታል።

አንድ የተማረ፣ አንድ ያልተማረ

በታኅሣሥ 1943 ፕሬዚዳንት ማኑኤል አቪላ ካማቾ የትምህርት ሚኒስትር አድርገው ሾሙት። ዕድሜው 41 ነው። የተረከበው አገር ግማሽ ያህሉ ሕዝብ ማንበብ የማይችል ነበር። ገንዘብ የለም፣ መምህር የለም፣ ዓለምም በጦርነት ላይ ናት።

ታዲያ ምን አደረገ? በነሐሴ 1944 አንድ ሕግ ወጣ። ከ18 እስከ 60 ዓመት ያለ ማንበብ የሚችል ሜክሲኳዊ ሁሉ፣ ከ6 እስከ 40 ዓመት ያለ አንድ ማንበብ የማይችል ሰው የማስተማር ግዴታ አለበት የሚል። አንድ ለአንድ። ደመወዝ የለውም። ነገሩ እንደ ጦር ክተት ነው፣ መሣሪያው ግን የፊደል መጽሐፍ ነው። መንግሥት ፊደል ማስቆጠሪያውን በሚሊዮን አሳትሞ አከፋፈለ።

ሌላም ነገር አለ፣ ለእኛ አገር ሰው በደንብ የሚገባ። ሜክሲኮ ውስጥ ስፓኒሽ የማይናገሩ ብዙ ነባር ሕዝቦች አሉ። እነሱን በማያውቁት ቋንቋ ፊደል ቁጠሩ ማለት ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ማያና ናዋትል ባሉ ቋንቋዎችም የፊደል መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ተደረገ፣ ልጁ መጀመሪያ በእናቱ ቋንቋ እንዲያነብና ከዚያ ወደ ስፓኒሽ እንዲሻገር።

ውጤቱስ? እውነቱን እንነጋገር። መንግሥት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ማንበብ እንደቻለ ገለጸ፣ ግን መሃይምነት አልጠፋም። ሕግ አውጥቶ ሰውን ሁሉ አስተማሪ ማድረግ አይቻልም፣ ፊደል የቆጠረውም ሰው ቤቱ የሚነበብ ነገር ከሌለ ይረሳዋል። ቶሬስ ቦዴት ይህን ስላየ ዘመቻው ላይ ብቻ አልቆመም። ትምህርት ቤት የሚገነባ አካል አቋቋመ፣ ሳይሠለጥኑ ገጠር ገብተው የሚያስተምሩ መምህራን እየሠሩ የሚማሩበት ተቋምም ከፈተ።

የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 3ም እንዲሻሻል አደረገ። በአዲሱ አንቀጽ ትምህርት የአገር ፍቅርንና ከሌሎች ሕዝቦች ጋር መተባበርን አንድ ላይ እንዲያሳድግ ተጻፈ። ብራስልስ ላይ ያየው ነገር ነው ሕግ የሆነው።

እኛም የራሳችንን እናስታውስ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወላጆቻችሁን ወይም አያቶቻችሁን ጠይቋቸው። በመስክ የተሰማሩት ብዙዎቹ ተማሪዎችና መምህራን ነበሩ፣ ትምህርቱም በተለያዩ የአገሪቱ ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ በ1980 ከዩኔስኮ ጋር የተያያዘ ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝታለች። ሜክሲኮ መንገዱን የሞከረችው ከዚያ 35 ዓመት ቀድሞ ነው።

ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ድርድር ጠረጴዛ

በኅዳር 1945 ጦርነቱ ገና እንዳለቀ በቦምብ የተጎዳችው ለንደን ውስጥ አገሮች ተሰበሰቡ። የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ለማቋቋም ነው። የሜክሲኮን ልዑክ የመራው ቶሬስ ቦዴት ነበር። ዩኔስኮ የተወለደው እዚያ ነው።

ግን ድርጅቱ ምን ይሥራ የሚለው ላይ ልዩነት ነበር። አንዳንዶች የሊቃውንት መገናኛ ይሁን፣ ሙዚየምና ሳይንስ ላይ ያተኩር አሉ። ቶሬስ ቦዴት ደግሞ ድርጅቱ የፕሮፌሰሮች ክበብ ሆኖ እንዳይቀር ይፈልግ ነበር። ፊደል ላልቆጠረው ሕዝብ ካልደረሰ ምን ይሠራል?

በታኅሣሥ 1946 አዲሱ የሜክሲኮ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር አደረገው። እንግዲህ የትምህርት ሚኒስትር የነበረ ሰው ሲሆን የውጭ ፖሊሲው መልክ ይለወጣል። በ1947 የዩኔስኮ ሁለተኛ ጠቅላላ ጉባኤ ሜክሲኮ ሲቲ ተካሄደ። ከአውሮፓ ወጥቶ ድሃ ገበሬ ባለበት አገር መካሄዱ ራሱ መልእክት ነበረው።

በሚያዝያ 1948 ቦጎታ ላይ የ21 የአሜሪካ አገሮች ጉባኤ ሲካሄድም የአገሩን ልዑክ መርቶ ሄደ። ስብሰባው መሃል የኮሎምቢያ ተወዳጅ ፖለቲከኛ ሆርሄ ኤሊየሰር ጋይታን መንገድ ላይ ተገደለ፣ ከተማዋም በእሳት ጋየች። ጉባኤው ግን አልተበተነም፣ የአሜሪካ አገሮች ድርጅት ቻርተር እዚያው ተፈረመ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ቤይሩት ላይ አገሮች የዩኔስኮ ዋና ዳይሬክተር አድርገው መረጡት። የተካው እንግሊዛዊውን ሳይንቲስት ጁሊያን ሃክስሊን ነው። ጊዜውን ልብ በሉ። ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ሁሉ አቀፍ መግለጫን አጸደቀ። አንቀጽ 26 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በነፃና በግዴታ መሆን አለበት ይላል። ወረቀቱ ተጻፈ። አሁን የቀረው ማን ይፈጽመው፣ በማን ገንዘብ የሚለው ነበር።

ሐይቅ ዳር ያለው ትምህርት ቤት

ቶሬስ ቦዴት ዩኔስኮ ሲገባ ከሁሉ በላይ የገፋው መሠረታዊ ትምህርት የሚባለውን ሥራ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ አንድን ገበሬ ፊደል አስቆጥረህ ብቻ ብትሄድ ሕይወቱ ብዙም አይለወጥም። ፊደሉ ከንጹሕ ውኃ፣ ከጤና፣ ከእርሻና ከቤት አያያዝ ጋር አብሮ ከሄደ ግን ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ራሱ ያየዋል። ልጁንም ትምህርት ቤት ይልካል።

በግንቦት 1951 ሜክሲኮ ውስጥ ፓትስኳሮ በሚባል ሐይቅ አጠገብ ለላቲን አሜሪካ የመጀመሪያው ማሠልጠኛ ተከፈተ። ቤቱን የሰጡት የቀድሞው ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ናቸው፣ የራሳቸው መኖሪያ ነበር። ሠልጣኞቹ ከየአገሩ በቡድን ይመጣሉ። አንዱ መምህር ነው፣ ሌላው የእርሻ ባለሙያ፣ ሌላው የጤና ሠራተኛ። ክፍል ውስጥ ብቻ አይቀመጡም፣ በሐይቁ ዙሪያ ባሉ መንደሮች ገብተው ይሠራሉ። ከዚያ አገራቸው ተመልሰው ሌሎችን ያሠለጥናሉ። ሁለተኛው ማዕከል ለዓረብ አገሮች ግብፅ ውስጥ ተከፈተ።

የቶሬስ ቦዴት ዕቅድ ግን ሁለት አልነበረም። በዓለም ዙሪያ 6 እንዲህ ያሉ ማዕከላት በ12 ዓመት ውስጥ እንዲከፈቱ ፈልጎ ነበር። ወጪው ለጠቅላላው ዘመን 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ለዓለም ይሄ ትልቅ ገንዘብ አይደለም። አገሮቹ ዕቅዱን አመሰገኑ፣ ገንዘቡን ግን አልሰጡም።

በ1951 ጄኔቫ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የትምህርት ጉባኤም የግዴታ ትምህርት ጉዳይ ዋና መነጋገሪያ ሆነ። የትምህርት ሚኒስቴሮች ቁጭ ብለው አንድ ልጅ ስንት ዓመት ይማር፣ ትምህርት ቤት የማይመጣው ለምንድን ነው፣ ከቤተሰቡ ድህነት ጋር እንዴት ይታያል እያሉ ተነጋገሩ። የልጆች ትምህርት የመንግሥታት መነጋገሪያ ርዕስ የሆነው እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው።

ወንበሩን የተወበት ቀን

ችግሩ ዘመኑ ነው። ቀዝቃዛው ጦርነት ተጀምሯል፣ ሶቪየት ኅብረት ያኔ የዩኔስኮ አባል እንኳን አልነበረችም። በ1950 ኮሪያ ላይ ጦርነት ፈነዳ፣ ኃያላኑ ገንዘባቸውን ወደ መሣሪያ አዞሩ። ለትምህርት ሲጠየቁ ቁጠባ ያስፈልጋል ይላሉ።

ቶሬስ ቦዴት በ1950 ፍሎረንስ ላይ በተካሄደው ጉባኤ አንድ ጊዜ መልቀቂያ አስገብቶ ነበር፣ ለምነው መለሱት። በኅዳር 1952 ፓሪስ ላይ ግን ነገሩ አከተመ። ጉባኤው እሱ ከጠየቀው በጀት ቀንሶ ሲያጸድቅ፣ በዚህ ገንዘብ ቃል የገባነውን መሥራት አይቻልም ብሎ ሥልጣኑን ለቀቀ። የሥራ ዘመኑ ገና አላለቀም ነበር።

እዚህ ላይ ሰው ይከራከራል። አንዳንዱ ትንሽም ቢሆን በተሰጠው ገንዘብ መሥራት ነበረበት፣ ኩርፊያ ምን ይጠቅማል ይላል። ቀድሞም ቢሆን ግትር ነው፣ አለቃነት ያበዛል የሚሉት ነበሩ። ሌላው ደግሞ ወንበሩን ይዞ ዝም ቢል ኖሮ አገሮቹ በጎ እየተናገሩ ባዶ እጃቸውን መቀጠላቸውን ማንም አያውቅም ነበር ይላል። ፍርዱን ለእናንተ እንተወው። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፦ እሱ ከወጣ በኋላም ስድስቱ ማዕከላት አልተከፈቱም።

በኋላ ስለ እነዚያ ዓመታት የትዝታ መጽሐፍ ሲጽፍ ዓለም አቀፉ በረሃ የሚል ስም ሰጥቶታል። ርዕሱ ብቻውን ብዙ ይናገራል።

በየቤቱ የገባው መጽሐፍ

ታሪኩ እዚያ አላለቀም። በ1958 ፕሬዚዳንት አዶልፎ ሎፔስ ማቴኦስ እንደገና የትምህርት ሚኒስትር አደረጉት። በዓለም ደረጃ ያቃተውን በአገሩ ለመጨረስ ሁለተኛ ዕድል አገኘ።

መጀመሪያ የ11 ዓመት ዕቅድ አወጣ። በ1970 ለእያንዳንዱ የሜክሲኮ ልጅ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ቦታ እንዲኖር። ስንት ክፍል፣ ስንት መምህር፣ በየዓመቱ ስንት ገንዘብ እንደሚያስፈልግ ተቆጠረ። ሕዝቡ ግን ከዕቅዱ በላይ ፈጥኖ በዛ፣ ስለዚህ ሁሉም ልጅ አልገባም። ቢሆንም በሚሊዮን የሚቆጠሩ አዳዲስ ልጆች ክፍል ገብተዋል።

ከዚያ ደግሞ ስሙን ያስጠራው ሥራ መጣ። የካቲት 12 ቀን 1959 መንግሥት ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሁሉ መማሪያ መጽሐፍ በነፃ የሚያድል ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑን የመራው ደራሲው ማርቲን ሉዊስ ጉስማን ነው። እስከዚያ ድረስ መጽሐፍ ወላጅ ነው የሚገዛው። ትምህርት ቤቱ ነፃ ነው ይባላል፣ ግን ልጁ ያለ መጽሐፍ ይመጣል። ይሄን ስትሰሙ የምታውቁት ነገር ትዝ ሳይላችሁ አይቀርም።

ተቃውሞው ቀላል አልነበረም። መጽሐፍ ሻጮችና አሳታሚዎች ገበያችን ተወሰደ አሉ። ወግ አጥባቂ ቡድኖችና የወላጅ ማኅበራት ደግሞ መንግሥት በአንድ መጽሐፍ የልጆቻችንን ጭንቅላት ሊቀርጽ ነው ብለው ሰልፍ ወጡ። ይሄኛው ስጋት ዝም ብሎ የሚናቅ አይደለም፣ ሁሉም ልጅ አንድ መጽሐፍ ሲያነብ ማን ጻፈው የሚለው ትልቅ ጥያቄ ነው። መንግሥት ግን አላፈገፈገም። በ1962 ከወጡት መጻሕፍት ጀምሮ ሽፋኑ ላይ ሠዓሊው ሆርሄ ጎንሳሌስ ካማሬና አገሪቱን በሴት መስሎ ሣላት፣ ቆዳዋ ጠይም፣ ፀጉሯ ጥቁር፣ ባንዲራ የያዘች። ያንን ሥዕል ዛሬ የሚያየው ሜክሲኳዊ አያት አንደኛ ክፍልን ያስታውሳል።

መጨረሻው

በ1964 ሥልጣኑን አስረክቦ ወደ ጽሑፉ ተመለሰ። በ1966 የአገሩን ትልቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ፣ የትዝታ መጻሕፍቱንም አንድ በአንድ አሳተመ። ነገር ግን ለዓመታት ካንሰር ሲያሠቃየው ቆይቶ ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1974 በ72 ዓመቱ ቤቱ ውስጥ ሕይወቱን በራሱ እጅ አሳለፈ። አገሩ በክብር ቀበረችው። (እንዲህ ያለ ከባድ ጊዜ ላይ ያለ ካለ ለብቻችሁ አትሸከሙት፣ ለምታምኑት ሰው ንገሩ።)

ከሱ ምን ቀረ? የፓትስኳሮው ማዕከል ዛሬም አለ። የሜክሲኮ ልጆች በየዓመቱ መጽሐፋቸውን ሳይከፍሉ ይቀበላሉ። ኢትዮጵያ በ1955 የዩኔስኮ አባል ሆናለች፣ በግንቦት 1961 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው በ1980 የአህጉሪቱ ልጅ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲያገኝ ግብ አስቀመጡ። 1980 መጣ፣ ግቡ አልተሳካም። ከዚያም በኋላ ሌሎች ጉባኤዎች ሌሎች ዓመታትን አስቀምጠዋል።

ቶሬስ ቦዴት ፓሪስ ላይ የተጣላበት ጉዳይ ዛሬም አልተዘጋም። ሀብታም አገሮች ለውጭ እርዳታ የሚመድቡትን ሲቀንሱ ቶሎ ከሚነካው ነገር አንዱ የአንድ ሩቅ መንደር አንደኛ ክፍል ነው። እዚያ ያለችው ልጅ ስብሰባው የት እንደተካሄደ፣ ማን እጁን እንዳወጣ አታውቅም። እሷ የምታውቀው መምህሯ መምጣት እንዳቆመ ብቻ ነው። የውጭ ፖሊሲ ለእሷ ትርጉሙ ይሄ ነው።

እናንተስ በእሱ ቦታ ብትሆኑ በተቀነሰው በጀት ትቀጥሉ ነበር ወይስ ወንበሩን ትለቃላችሁ? ሐሳባችሁን ከታች ጻፉልን።